አርባ ስምንት ቁጥር

ሊዬፓያ፣ መጋቢት። የባልቲክ ነፋስ የሱቄን በር ይገፋል፤
ትራም ባለፈ ቁጥር መደርደሪያዬ ላይ ብሎን ይንቀጠቀጣል።
ዛይጋ ገባች፤ ላፕቶፗን በሹራብ ጠቅልላ፣
ዝናብ እንዳይነካው ካፖርቷ ሥር ከልላ።
«ኢልግቫርስ፣ እየው፤ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ፤
ትናንት የሚያውቀኝ ዛሬ ማነሽ አለኝ፤ ተቀየረ።»

ከፈትኩት። አውቀዋለሁ ያንን ሰማያዊ ገጽ፦
ቁጣ የሌለው፣ ምሕረት የሌለው፣ ዝግ ያለ ድምፅ።
አርባ ስምንት ቁጥር ይጠይቃል፤ ስድስት ስድስት፣ ስምንት ጊዜ።
ካልሰጡት ይጠብቃል። መቶ ዓመት ቢሆንም፤ የለበት ትካዜ።

«ውስጡ ምን አለ?»
«አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆጠርኩት ራዛ፦
ማን በሚያዝያ ገባ፣ ማን ዘግይቶ መጣ፣
የትኛው ምሰሶ ስንት ጫጩት አወጣ።
ደግሞ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፣ የመጀመሪያው ሊመጣ።»

«ቁልፉስ?»
«ቁልፍ?» ብላ ሳቀች። ሌሊቱን ስትፈልግ አድራለች፤
መሳቢያ ገልብጣ፣ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ አይታ፣
የመብራት ደረሰኝ ክምር ቅጠል በቅጠል ፈትታ፣
በመጨረሻ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ብትከፍት፣ ቁልፍ ሞልቶ!
የሹራብ ቁልፍ፣ የካፖርት ቁልፍ፣ ባለ አራት ቀዳዳ፣ ባለ ሁለት፤
የሚከፍት ግን አንድም የለም፤ ሁሉም የሚዘጋ ደረት።
ሲነጋጋ ተስፋ ቆርጣ፣ ደብተር አውጥታ
የምታስታውሰውን ጎጆ በቃሏ መጻፍ ጀመረች።

«ስበረው» አለችኝ።

እኔ ብሎን እፈታለሁ። አቧራ እጠርጋለሁ። የተቃጠለ እለውጣለሁ።
ይህን ግን አልሰብረውም፤ እንዳይሰበር ነው የተሠራው።
ሌባ ቢወስደው እንዳይገባበት ብለው የዘጉት በር
ባለቤትን ከሌባ አይለይም፤ እሷም ውጭ ታድር።
ይህን ስነግራት ጓንቷን ከየጣቷ ላይ ቀስ ብላ ሳበች፤
ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ፣ እንዲህ ስትል አወራች፦

«አንድ ጊዜ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች አሮጌውን ምሰሶ ነቀሉ፤
ቀጥ ያለ፣ ያማረ፣ አዲስ ብረት በቦታው ተከሉ።
ራዛው ከደቡብ መጣ። ሦስት ቀን ዞረ። አልወረደም።
ቦታው ያው፣ መንደሩ ያው፤ ለእሱ ግን ያው አይደለም።
በአራተኛው ቀን ያንኑ የጋሪ ጎማ ከነጭራሮው ወጥተው ሰቀሉ፤
ወዲያው አረፈ፤ ምንቃሩን ሲያንቋቋ ሰሙት መንደርተኞች ሁሉ።»

ብሎን መፍቻዬን አስቀመጥኩ።
«ዛይጋ፣ ማን ነካው?»
«ማንም።»
«ምን ተቀየረ?»
«ምንም።» ቆየች። «ራይቪስ፣ የእህቴ ልጅ። እሑድ። ሾርባው እስኪበርድ።
ቶሎ እንዲነሳ ላድርግልሽ ብሎ፣ ወደ ሥር ሲወርድ፣ ሲወርድ...»

እኔም ወረድኩ፤ ማሽኑ ሳይነቃ ወደሚያልመው ጥቁር ክፍል።
ሁለት መስመር ብቻ። ራይቪስ ያጠፋውን አበራሁ፤
ያበራውን አጠፋሁ።
ቁልፍ አልሠራሁም፤ ጎማውን ነው የመለስኩት።

ጠበቅን። ትራም አለፈ። ብሎኖቹ ተንቀጠቀጡ።
ሰማያዊ ይሆናል ብዬ ዓይኔን ልዘጋ ስል፣
አንድ እግሩን ያነሳ ራዛ ብቅ አለ፤ የዛይጋ ስም ከሥሩ፤
የይለፍ ቃሏን ሳታስብ ጣቶቿ ፊደሉ ላይ ዞሩ።

አልጮኸችም። አላለቀሰችም። ጎጆ ቁጥር አሥራ አንድን ከፈተች።
«ሦስት ጫጩት» አለች። «እኔ ሌሊት በቃሌ አራት ብያለሁ።»
ደብተሩን አወጣች፤ ብዕር አነሳች፤ ብዙ አየችው፤
አራቱን ሳትሰርዝ መልሳ ኪሷ ከተተችው።

አሥር ዩሮ ተቀበልኩ። አርባ ስምንቱን ቁጥር አትሜ ሰጠኋት።
«አሁንስ የት ታስቀምጪዋለሽ?»
«ቆርቆሮው ውስጥ» አለች፤
«ከቁልፎቹ ጋር።»