አነሳስ

ካሜራዋን የሸጠልኝ፣ ሠርግ መቅረጽ የሰለቸው፣
ጥጓ ላይ ጭረት አለ፣ ዋጋዋን የቀነሰው።
ሳምንቱን ከባጃጄ ወንበር ሥር፣ በፎጣ ተጠቅልላ፣
ከአራዳ አዘዞ ስትል፣ ከነተሳፋሪው ስትጉላላ፣
እሑድ በጠዋት ግን ትወጣለች፣
ከሜዳው ጠርዝ፣ ከታዳጊዎቹ ዘንድ ትውላለች።

ዓመት ሙሉ አነሳሁ።
ሲሮጡ አነሳሁ፣ ሲዘሉ አነሳሁ፣
ኳሷ ከሄደች በኋላ አቧራዋን አነሳሁ።
ሁለት መቶ ስድሳ ጀርባ፣
አንገት የሌለው ትከሻ፣ ግማሽ የዳኛ እጅ፣
ከእሸቴ አናት ላይ የበቀለ የመብራት ምሰሶ።
እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤
የማያይ ሰው ምን ይከፋዋል?

ጋሽ መኳንንት ዘንድ ወሰድኋቸው፣
ፒያሳ፣ ከደረጃው ሥር ካለችው ጠባብ ስቱዲዮ፣
ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ ፀጉሩ የነጣ ሰው።
መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣
አንድ በአንድ አየ። ዝም አለ። ደግሞ አየ።
«ይሄ ሁሉ ልጅ ካንተ ጋር ተጣልቷል ወይ?
ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶሃል እኮ!»
ጆሮዬ ጋለ።
«ቆመህ ታነሳለህ፣ እነሱ ገና አጫጭር ናቸው፤
ተንበርከክ እንጂ፣ እኩል ሁን ከዓይናቸው።
ኳሷን አታሳዳት፣ ከምትደርስበት ቀድመህ ጠብቅ፤
ባጃጅ ነጂ አይደለህ? ሰው የሚቆምበትን ጥግ አታውቅ?»

ያን ሌሊት ተናድጄ አላደርሁም አልልም።
ከበርጩማው ተነስቶ የማያውቅ ሰው፣
ስለ ሩጫ ማን ጠየቀው?
እሑድ ግን ተንበረከክሁ፣ ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ተቀደደ፤
አንዲት ኳስ ጆሮ ግንዴን ብትለኝ፣ ሜዳው በሣቅ ተናደ።

አሰልጣኝ ዘመነ፣ የፊሽካውን ገመድ በጣቱ እየጠመጠመ፣
«ፀሐይዋን ከኋላቸው አድርገህ ልጆቼን አከሰልኻቸው!
በወዲያ ዙር» አለ። ዞርሁ።
የማስተዋል እናት፣ ወይዘሮ የሻረግ፣
ፎቶውን አራቀችው፣ አቀረበችው፣
«እግሯስ ደህና፤ ልጄ ግን የት አለች?
ፊት የሌለው ሰው ግድግዳዬ ላይ አልሰቅልም» አለች።
ከነዳጁ ሒሳብ ጎን ጻፍሁት፦
ጉልበት። ፀሐይ። ፊት።
«ሁሉንም አሰልፈህ፣ ቀጥ አድርገህ» ያለኝን ተውሁት፤
ምክር ሁሉ አይጎረስም።

ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፣
ጀርባዎቹ እየተመናመኑ ፊት በፊት ሆኑ፣
ላብ፣ የተነከሰ ከንፈር፣ የላላ የጫማ ክር።
ልጆቹ ከባጃጁ ዙሪያ ተጋፍተው ሲያዩ፣
ስጦታው፣ በረኛው፣ ከኋላ ቆሞ ቀረ።
«አንተስ አታይም?» አልሁት።
«አይቼዋለሁ።
ስወድቅ ታነሳኛለህ፤
ስነሳ ግን አታነሳኝም።»

መልስ አጣሁ።
ሄጄ ቆጠርሁ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ስጦታው፣
አሥራ አንዱም ጊዜ መሬት ላይ፣ ኳሷ መረቡ ውስጥ።

በቀጣዩ እሑድ ዝናብ አባርቶ ጭቃው ሲያንሸራትት፣
አንድ ገባበት፣ በግራ፣ በቋሚው ጥጋት።
ሜዳው ወዳገባው ሮጠ፣ ጩኸቱም ተከትሎ፤
እኔ ከጉልበቴ አልተነሳሁም።
ጠበቅሁት።
መጀመሪያ ክንዱ፣ ቀጥሎ ጉንጩ፣ እስከ ዓይኑ ጭቃ፤
ተፋ፣ ጓንቱን አጠበቀ፣
ቀና ሲል ዓይኑ ወደ መሐል ሜዳ ነበር፣ ወደሚመጣው።
ያኔ ተጫንሁ።

ጋሽ መኳንንት መነጽሩን ሁለት ጊዜ ጠረገ።
ጥሩ ነው አላለም።
«ቋሚው ትንሽ ጋድሏል» አለ፣ «ሰማዩም ያንሳል።»
ቆየና፣ ፎቶውን ሳይመልስልኝ፣
«የማን ልጅ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ነገርሁት።
ቋሚው እንደ ጋደለ፣ ሰማዩ እንዳነሰ፣
ሁለቱንም በልቤ ይዤ፣
ባጃጄን አስነሳሁ።