እፍታ

ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ከአሮጌ ዕቃ ሽያጭ፣
አራት ፓውንድ ከፍዬ የብስኩት ቆርቆሮ ገዛሁ፤
የኤልስፔት ጌዲስን የጎማ ማኅተሞች
በብብቴ ሸጉጬ በዝናብ ተጓዝኩ።
ፖርትሶይ ላይ በጥር ዝናቡ ከላይ አይወርድም፣
ከባሕር በአግድም መጥቶ ጆሮ ይገባል።

እኅቷ ከአበርዲን መጥታ
ቤቱን በሁለት ቀን ባዶ አደረገችው።
ማንም ማኅተሞቹን አልፈለገም።

እኔ የመርከብ ሞተር ሐኪም ነበርኩ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፤
ጣቶቼ ብሎን እንጂ ወረቀት አያውቁም።
እሷ ግን በየዓመቱ፣ ልደቴን ሳትስት፣
በበሬ ስንጥቅ አንድ ካርድ ታሾልክልኝ ነበር፣
አንዴ የመብራት ማማ፣ አንዴ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣
አንዴም ባርኔጣ ያደረገ ዓሣ።
ምላሼ? በአጥሩ ላይ "ደረሰኝ" እላታለሁ።
እንደ ሒሳብ ሹም፣
ደረሰኝ ብቻ ቆርጬ ወደ ቤቴ እገባለሁ።

ቆርቆሮውን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት።
ፊደሉ ሁሉ ግራ ነው፣ የመስታወት አገር፤
"ቶሎ ይሻልሽ" የሚለው ጠርዙ ተበልቶ አልቋል፣
"እንኳን ደስ ያላችሁ" ገና አዲስ ነው፣ ጎማው ያብረቀርቃል።
መንደራችን እንዲህ ናት።

ሞከርኩ። ብሎን እንደሚያጠብቅ ሰው ተጫንኩት፣
የመብራት ማማው ባለ ሁለት ጥላ ሆኖ ወጣ፣ ሰክሮ።
ቀስ አልኩ፤ ግማሹ ቀረ።
"ማኅተም አይደቆስም" ብላኝ ነበር አንድ ቀን፣
"ሰላም ይባላል እንጂ።"

ንጹሕ ሴት ነበረች። እያንዳንዱን
በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ በለብታ ውሃ ፈትጋ፣
ፎጣ ላይ ፊቱን ደፍታ ታደርቀዋለች፤
በመስኮቷ አይ ነበር። አዎ፣ አይ ነበር።
አንዷ ብቻ፣ አውራ ጣት የማታህል፣
ጭራዋን ሽቅብ የቀሰረች ወፍ፣
አልታጠበችም።
በላባዋ ስንጥቅ ሰማያዊ ቀለም ደርቆ ተኝቷል።
ያን የታኅሣሥ ማክሰኞ ምን አስነሣት? ስልክ ጠራ?
ማንቆርቆሪያው ፈላ?
ወይስ ያ ደረቷን የያዛት ነገር?
ቀለም ቆጥሬአለሁ፤ ይህን ቀለም ግን ማንበብ አልቻልኩም።

የደረቀ ቀለም ሲገጥማት የምታደርገው ትዝ አለኝ፤
አፏን ከፍታ፣ መነጽር እንደሚወለውል ሰው፣
ሃ ትልበታለች።
እፍ ያደርቃል፤ ሃ ነው የሚያርሰው።

ሃ አልኩ።
ወፏን በቅርብ ባገኘሁት ጋዜጣ ላይ ሰላም አልኳት።
ተነሣች!
ምንቃሯ፣ ጥፍሯ፣ የዓይኗ ነጥብ ሳይቀር፣
በዓሣ ዋጋ ዝርዝር ላይ ቆማለች፣
አንድ እግሯ ሃዶክ ላይ፣ አንዱ ማከሬል ላይ።
ወይ እኔ! እፍታውን ለጋዜጣ!
ለነጩ ካርድ ደግሜ ተነፈስኩ፣ የወፍ ጥላ መጣ።
በሦስተኛው ወረቀቱ ረጠበ እንጂ
ምንም አልወጣ።

ለማን ነበረች? ሁልጊዜ ከቀኑ ቀድማ ነው የምትሠራው፤
ልደቴ የካቲት ሦስት ነው፣ የእኔ ናት ልል አፌን ከፈትኩ።
ግን የማግነስ ልጅ፣ ሞርቨን፣ የካቲት ስድስት
ሰባት ዓመት ይሞላታል።
ለእኔማ ዓሣው ይበቃኛል።

መቀስ አነሣሁ። ጋዜጣውን በወፏ ዙሪያ ቆረጥኩ፣
ከነዋጋው፣ ከነሃዶኩ፣ ካርዱ ላይ ለጠፍኩ፤
"መልካም ልደት"ን ከሥሯ አተምኩ፣ ትንሽ ተንጋደደ።
ከጥጉ የአውራ ጣቴ አሻራ ቀረ፣
የሠላሳ አንድ ዓመት ግራሶ፣ በሳሙና የማይለቅ።
"ከ" ብዬ ጀምሬ ብዙ ቆየሁ።
ቀጥሎ "ከአጥሩ ወዲያና ወዲህ" ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ወፏን አጠብኳት፣ በጥርስ ብሩሽ፣ በለብታ ውሃ።
ብዙም ሰማያዊ አልወጣትም።
ፎጣ ላይ ፊቷን ደፋሁት።