አሥር ፊደል

በበርንሊ፣ ከቦዩ ዳር፣ ዝናብ በሚያረጥበው ቤት፣
ቃል ፍለጋ ጎበጥሁ፣ ከእሑድ ጋዜጣ ፊት።
አሥር ፊደል፣ ይላል ፍንጩ፣ “ጫጫታ የሞላው”፤
ያረጀው መዝገበ ቃላት፣ ብል ጠርዙን የበላው፣
“ስትሬፒተስ” አለኝ፤ “ብዙ የማይነገር”።
ድምፅ ሳላወጣ፣ በከንፈሬ ብቻ፣ ስቀምሰው ነበር፣

አክስቴ ዊኒፍሬድ፣ ሹራቧን አቁማ፣
“ስትሬፒተስ? ምንድን ነው?” አለች፣ ልክ እንደሚሰማ።

አትሰማም እኮ! ጆሮዋን የሽመና መኪና
ቆረጣጥሞት ቀርቷል፣ ያኔ ልጅ ሳለች ገና።
ስምንት መቶው ባንድ አዳራሽ ሲያጓራ ሲንኳኳ፣
ሴቶቹ በከንፈር ነበር የሚያወጉት ለካ፦
የማን ባል እንደ ሰከረ፣ የማን ሆድ እንደ ገፋ፣
የሚስስ ክሌግ ሰው ሠራሽ ጥርስ የት እንደ ጠፋ።

ፍቺውን በከንፈሬ ነገርኋት፤ ጫጫታ፣ ኳኳታ፣
የሚያደነቁር ሁካታ።

ሳቀች፣ የሹራቡ መርፌ ከእጇ እስኪወድቅ።
“ያ ነገር ለካ ስም አለው!
እኛማ ሥራ ነበር የምንለው።”

ቃሉን በእስክሪብቶ ጻፍሁት።
የመጨረሻው ፊደል ከቁልቁሉ ጋር አልገጠመም፤
ቢሆንም አልሰረዝሁትም።