ከኮሪያኛ ወደ ጃፓንኛ

ማስታወቂያው ፈረንጅ አራዳ፣ በፎቶ ኮፒ ቤቱ በር፦
«ከኮሪያኛ ወደ ጃፓንኛ፣ የእንጨት ሥራ ቃል የሚያውቅ ቢኖር።»
አንድ ሳምንት ዝናብ አጠበው። አንድ ሳምንት ሰው ሳቀ።
«ለጅማ?» አለኝ ልጁ፣ ሌላ ቅጂ ከማሽኑ እያላቀቀ።

በኋላ ራውዳ መጣች። ዘጠኝ ዓመት በቡሳን
ኮምፔንሳቶ ስታጣብቅ፣ ማታ ማታ ጃፓንኛን
ከአከራይዋ መበለት ጋር ሩዝ እያጠቡ ተምራ።
ደሞዝ አልጠየቀችም።
«ቦት ጫማ ግዙልኝ» አለች፣ «ጭቃ ነው የዚያ ተራራ።»

በለጤ ጫካ ገባን።
ኮሪያዊው ሜትሩን ዘርግቶ ግንዱን አቅፎ ለካ።
ጃፓናዊው ቅርፊቱን በጥፍሩ ጫር አርጎ አሸተተ።
እሷ መሐል ቆማ፣ ወዲህ ስትል ወዲያ፣
ውፍረቱ፣ እርጥበቱ፣ ዕድሜው፣ የመጋዙ ዋጋ
ሁሉ ተሻገረ፤
የዛፉ ስም ላይ ቆመች።
በሁለቱም አጣችው።
«ዋንዛ» አለች፣ እንዳለ።
«ዋንጃ» አለ አንዱ።
«ዋንዛ» አለ ሌላው። ጻፉት።

ከኋላችን የደን ጠባቂው አባ ፊጣ፣
ከጠዋት ጀምሮ ማንም ያላናገረው፣
ልጁን በሰው ስም እንደጠሩበት አባት
ዱላውን ወደ ግንዱ ዘርግቶ
«ዋዴሳ» አለ።

ራውዳ ዞራ አየችኝ።
ለዚህኛው ማስታወቂያ አልለጠፍኩም ነበር።