አሥረኛዋ ቃል

ሃልስቢ ትባላለች፤ ዓሣ ዓሣ የምትሸት፣
ባሕሩ እግሯን የሚልስ፣ ጭጋግ የሚያድርባት ምሽት።
በጉምሩክ መንገድ ጥግ፣ ከጀልባ ጠጋኙ በላይ፣
አንድ ክፍል ነበረን፣ ከውጭ ስሙ የማይታይ።
ምኩራባችን እሱ ነው። ደረጃው አሥራ ስምንት፤
ሰባተኛው እርከን ያቃስታል፣ እንደ ሽማግሌ አጥንት።

መዝገቡ እኔ ዘንድ ነው፤ ጀርባው የለቀቀ ቆዳ፣
ከአባቴ የወረስኩት፣ ከነነጥቡ ከነዕዳ።
የመጀመሪያው ገጽ ይላል፦
«ከሊባው ወደብ ተሳፍረን፣ ቆብ ሰፊና ሰዓት ጠጋኝ፣
ኦሪት ገና አልገዛንም፤ ወንበር ግን ተገኘ፣ ዘጠኝ።
አሥረኛው ለጊዜው ይቁም።»
አሥረኛው ቆሞ ቀረ።

ለማያውቅ ልንገር፦ አሥር ወንድ ካልሞላ፣
ኦሪት ከመጋረጃዋ አትወጣም፤ ትቀራለች ከኋላ።
ሰውም በጣት አይቆጠርም፤ ነውር ነው፣ ክፉ ዓይን ይስባል፤
አሥር ቃል ያላት ጥቅስ አለች፣ በየራሱ ላይ አንድ ቃል ይባላል።
ሥጋ ሻጩ ፊሽል ይቆጥራል፣ እንደ አባቱ ድምፁ ጎርናና፣
ቃሏን በየቆቡ ላይ ያኖራል፣ ቀስ ብሎ፣ በትሕትና።
ዘጠኙ ያርፋሉ። አሥረኛዋ እንደ ኖኅ ርግብ ትዞራለች፤
መስኮቱን ገጭታ ገጭታ፣ ወደ ፊሽል አፍ ትመለሳለች።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድስት ስለ ምድጃው ተጣሉ።
«ምድጃው ከሰል ፈጀ» ባይና «ብርዱ እኛን ፈጀ» ባይ ተባባሉ፤
አራቱ ተነጥለው ከመንገዱ ማዶ ሌላ ምኩራብ አቆሙ፤
ሦስት ዓመት በመስኮት እየተያዩ፣ እነዚህም እነዚያም አሥር ሳይሞሉ ከረሙ።

በሁለተኛው ጦርነት አንድ ክረምት ሞላልን። ወታደሩ ከየሰፈሩ፣
የቪየና ልጆች በነጠላ ሻንጣ፤ ደረጃው ላይ ሳይቀር ተደረደሩ።
አባቴ «ሠላሳ አራት» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረ።
በጸደይ መርከብ ወሰዳቸው፤
መስመሩ ቀረ።

ከዚያ ሰው እየሳሳ ሄደ። ልጆቹ ሊድስ ገቡ፣ ሐኪም ጠበቃ ሆኑ፤
ሽማግሎቹም ኮረብታው ላይ፣ ነፋስ በሚያፏጭበት ተከደኑ።
አሥረኛውን በባቡር እናስመጣ ጀመር፣ ቤሪል ጎርደን የሚባል፤
ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደርሳል፤ ቲኬቱን ማኅበሩ ይከፍላል።
«በእግዚአብሔር አላምንም» ይለናል፣ ካፖርቱን እየሰቀለ፣
«ግን ዘጠኙን አስሬ ልተኛ? ከዚህ የባሰ ግፍ የታለ?»

እኔ? ከላይ ሰገነቱ ላይ፣ ከእናቴ ጎን፣ በኋላ ብቻዬን።
አርባ አንድ ዓመት ቃለ ጉባኤ ጻፍኩ፤ ቀለም አጠቆረው ጣቴን።
«የተገኙ፦ ዘጠኝ።» «የተገኙ፦ ዘጠኝ፣ ቤሪል ጉንፋን ይዞት።»
ቆጣሪ አይቆጠርም፤
ይህን ማንም አልነገረኝም፤ አውቀው ነበር።

አንድ የካቲት ባቡሩ መጣ፤ ቤሪል ከውስጡ አልወረደም።

ክፍሉ ለምንጣፍ ነጋዴ ተሸጠ። የቀረችን አንዲት ሰንበት፤
ኦሪት ሰኞ ሊድስ ትሄዳለች፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን ከቤት ወደ ቤት።
ፊሽል ተነሣ። ቃሎቹን በየቆቡ አሳረፈ፤ ዘጠኝ።
አሥረኛዋን ይዟት ቆየ፤ ቀና አለ ወደ ሰገነቱ፤
አየኝ።
ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልሰማሁም። እምላለሁ፣ አልሰማሁም።
ብቻ ሻሼ ላይ አንድ ነገር አረፈ፣ እንደ ላባ የቀለለ፤ ዘወር አላልኩም።
ላዛር መጋረጃውን ገለጠ።
ማንም «ኧረ!» አላለም።

ኮከብ ሲወጣ፣ መጻፍ ሲፈቀድ፣ መዝገቡን ዘረጋሁ።
«የተገኙ፦» ብዬ ብዕሬን አቆምኩት። ዘጠኝ ብል ዋሸሁ፤
አሥር ብል ሽማግሌውን በገዛ ወገኑ ፊት አሳጣሁ።
ቁጥሩን ባዶ ተውኩት፤ ሕጉን የሚያውቅ ይቁጠር፤ ከሥሩ ይህን ጽፌ ዘጋሁ፦
«ኦሪት ወጣች። ተነበበች። ወደ ቦታዋ ተመለሰች።
ምድጃው አልተለኮሰም።»