ዓሣ የበላው

ከአርባሽ በኋላ ነው መዝገቡን የገለጥሁ፤
ያንን ትልቅ ፊደል፣ ያንን ቀይ ቀለም አየሁ፣
መደመሪያ መስመሩን እንደ አጥር ያጠርሽውን፣
በዓሣ እጅሽ ይዘሽው የወዛ ጠርዙን።

ገቢ፦ ቆሮሶ፣ ነጭ ዓሣ፣ አምባዛ።
ወጪ፦ ናፍጣ፣ በረዶ፣ መረብ የተገዛ።
ከዚያ በየወሩ፣ ከገጹ መጨረሻ፣
አንድ መስመር ብቻ፣ ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ማስታወሻ፦
«ዓሣ የበላው፣ አራት ሺህ።»
«ዓሣ የበላው፣ ዘጠኝ ሺህ።»

«እትዬ ይታይሽ» አልሁሽ፣ «የዚህ ትርጉም ምንድን ነው?
ዓሣ ይበላል እንጂ፣ ብር የሚበላ ዓሣ የት ነው?
የገቢዎች ሰው ቢመጣ የማሳየው ምኑን ነው?»
ቢላሽን እየሳልሽ፣ ቀና እንኳ ሳትይ፣
«ያልሁህን ጻፍ» አልሽኝ፣ «ሐይቅስ ግብር የለውም ወይ?»

እኔማ ንፉግ ነሽ ብዬ ነበር የማውቅሽ፣
ከደቁ ባለ ታንኳ ጋር ስለ ሁለት ብር ተጣልተሽ፣
አንድ ቆሮሶ ቢጎድል የዘበኛ ኮት ፈትሸሽ፣
የእኔኑ ደመወዝ እንኳ አራት ጊዜ ቆጥረሽ ሰጥተሽ።
በአንድ ሳፋ የጀመርሽ፣ ከወደቡ እስከ ሽምብጥ፣
ውሃው በጆሮሽ ሲወርድ፣ ፀሐይ ግንባርሽን ሲልጥ፤
ሰባት ዓመት በሳፋ፣ ሦስት ዓመት በጋሪ፣
ከዚያ ያቺ ማቀዝቀዣ፣ አሮጌ፣ ሌሊት አጓሪ፣
ከዚያ ሦስት የሞተር ጀልባ፣ አርባ ሁለት ሠራተኛ፣
አንድ የበረዶ ፋብሪካ፤
አንድ ሒሳብ ያዥ፣ እኔ፣ ነገረኛ።

እምቦጩ ሐይቁን ሲያለብስ፣ ጀልባ መውጫውን ሲያጣ፣
የቀን አበል ለነቃይ ከፍለሽ፣ አንቺም ገባሽ በቁጣ።
እስከ ወገብሽ ውሃ ውስጥ፣ ሻሽሽ ወርዶ ከትከሻሽ፣
«ከሥሩ! ከሥሩ!» ነበር ጩኸትሽ፣
«አንዲት ቅጠል ከቀረች
ሺህ ሆና ታድራለች!»
ያኔ በግራ ጡትሽ ሥር አንዲት ጠጠር ነበረች።
ሁለት ክረምት ደብቀሻት፣ በነጠላ ሸፍነሻት፣
የሐይቁን ስትነቅዪ፣ የራስሽን ሳትነቅያት።

ከአዲስ አበባ ስትመጪ፣ የጨረሩን ወረፋ ጨርሰሽ፣
የዓሣው ሚዛን ላይ ወጣሽ፣ ጫማሽን በር ላይ ትተሽ።
«አርባ አንድ» ብዬ አነበብሁ።
«ከነአጥንቴ ነው» አልሽ፣
«ፊሌቶ ቢያደርጉኝማ ስንት ልወጣ ነው?» ብለሽ
ሳቅሽ። የሳቀ ሰው ግን አልነበረም ካንቺ ሌላ።
በማግስቱ፣ መዝገቡ ላይ፦ «ሁለት ሺህ፣ ዓሣ የበላ።»
ከዚያ በኋላ ቀይ ቀለም የለም።

የቀብርሽ ለት መጡ፣ ዓሦቹ።
በእግር፣ በባጃጅ፣ በጀልባ፤ እርጥብ ነበሩ እግሮቹ
ከዘጌ በኩል የመጡት።
አንዲት ነርስ ከፈለገ ሕይወት፣ ከነነጭ ጋዋኗ፣
«የትምህርት ቤቴን ከፋይ» ስትል ታንቆ ልሳኗ፤
ሞራ ከዓይኑ የተገፈፈ ሽማግሌ ሸማኔ፣
«መልኳን ያየሁት ዛሬ ነው፣ በፎቶ» ያለኝ ለእኔ፤
ያ የደቁ ባለ ታንኳ፣ በሁለት ብር የተጣላሽው፣
በላስቲክ የጠቀለለው ወረቀት፣ የልጁን ልብ ያሳከምሽው።

ቀኑን ጠየቅሁ፣ ብሩን ጠየቅሁ፤ ለቅሶ ላይ፣ አላፈርሁም።
ቤቴ ገብቼ አመሳከርሁ። አንድ ሳንቲም አላጎደልሽም።
አራት ሺህ፣ ነርሷ። ዘጠኝ ሺህ፣ ዓይኑ።
ስንት ጊዜ ነበር የተጨቃጨቅነው በዚሁ!

አንዷ ብቻ ቀረችኝ፣ የመጨረሻዋ ሁለት ሺህ።
ባለቤቷን አላወቅሁም፤ እስከ ዛሬም አልመጣ።
ምናልባት መሞትሽን ያልሰማ አንድ ሰው አለ፣
ከማዶ፣ ከጎርጎራ ወዲህ፣ ወሩ ባለቀ ቁጥር የሚወጣ፣
ከዳር ቆሞ ያንቺን የጀልባ ድምፅ የሚጠብቅ።

ዛሬም የወር መጨረሻ ነው።
ናፍጣ ጻፍሁ፣ በረዶ ጻፍሁ፣ ክር ጻፍሁ፤ ደመርሁ።
ከዚያ መሳቢያሽን ከፍቼ ቀዩን እስክሪብቶ አነሣሁ።
ከራሴ ኪስ ነው፣ አትቆጪ።
ለማን እንደምሰጠው ገና አላወቅሁም፤
«ዓሣ የበላው፣ አምስት መቶ።»
ፊደሌ አያምርም፤
ይታይሽ።