የእርሳስ ጽሑፍ

የብየዳ ማሽን ልገዛ ወርጄ፣
የዕቁቤን ብር ቋጥሬ፣ መሐረቡን በእጄ፣
ሰባተኛ አካባቢ አንድ ሱቅ ገባሁኝ፤
ባለሱቁ ቀድሞ ጫማዬን አየኝ።
«የሀገር ውስጥ ልስጥህ? ወይስ ዋናውን?»
አለኝ፣ «ዋናውን» ሲል ዝቅ አርጎ ድምፁን፣
ልክ እንደ ጠበል ቦታ፣ እንደ ሐኪም ቤት።
እኔም አላመነታሁ፤ ጠቆምሁ ወደ ፊት፣
ሰማያዊ ቀለም፣ የሚያብረቀርቅ ጎን፣
የጀርመን ባንዲራ የተለጠፈበትን።
«የሀበሻውስ?» አልሁት፣ ለወጉ ያህል፤
ሳቀ። «እሱማ ለዶሮ ቤት ይሆናል።»

ሰባት ዓመት ሠራሁ።
የደጃች ውቤን በር፣ የአራት ኪሎን አጥር፣
የእሪ በከንቱን ደረጃ፣ ከጥር እስከ ጥር፤
መብራት ሲጠፋ ሻይ ይዤ ስቀመጥ፣
መብራት ሲመጣ ደግሞ በእሳት ስሯሯጥ።
ጓደኛዬ ምናሴ የቻይናውን ገዝቶ፣
እንደ ቦርሳ አንጠልጥሎ፣ ቀሎት፣ ተደስቶ፣
በሦስተኛው ሳምንት ጭሱን አሸተተው፤
ቦርዱ ነው አሉት፣ መለዋወጫ የለው።
እኔ ግን የእኔን ጎኑን መታ እያረግሁ፣
«ፈረንጅ ሲሠራ እንዲህ ነው!» እያልሁ አወራሁ።

በሰባተኛው ክረምት ቫርኒሽ ሸተተ፤
እምም የሚለው ሆዱ ጸጥ አለ፤ ሞተ።
በጋሪ አስጭኜ፣ በዝናብ፣ በጭቃ፣
ሠራተኛ ሰፈር፣ የሚጠግን ዕቃ
አንድ ሰው አለ አሉኝ፤ ጋሽ አርጋው ይባላል፤
መነጽሩን በክር ከጆሮው ያስራል።
አያቱ ቀጥቃጭ፣ አባቱም ቀጥቃጭ፤
ቡዳ ብሎ ሰዳቢው፣ ማረሻው ሲዶለድም ደጃቸው ተቀማጭ።

ክዳኑን ፈታ። ዝም አለ።
አምፖሉን አስጠጋ፣ ጥቀርሻውን በአውራ ጣቱ ጠረገ።
«ና፣ እይ» አለኝ።
ከብረቱ ልብ ላይ፣ ከላሜራው መሃል፣
በእርሳስ የተጻፈ የአማርኛ ቃል፦
አርጋው። ሠራተኛ ሰፈር። ጥቅምት ዘጠና ዘጠኝ።
ጀርመን ይሆን እንዴ ይሄ ሰፈር? ግራ ገባኝ።

«ባንዲራው?»
«ባንዲራው ከማተሚያ ቤት፣ ደርዘኑ በአሥር ብር፤
በስሜ ሳወጣው አቧራ ለብሶ ነበር፣
ስምንት ወር፣ መደርደሪያ ላይ። ባለሱቁ መከረኝ፤
ለጠፍሁት። በማግሥቱ አራት ሸጦ ጠራኝ።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።
በፒንሳ ጫፍ ሽቦውን ፋቅ ፋቅ አደረገው፤
ቀዩ ቀለም ሲነሳ፣ ከሥሩ ነጭ ነው።
«የተቃጠለው ይሄ ነው። ያን ሳምንት መዳብ ተወዶ፣
ሠላሳ ዙር ያህል፣ ማን ያየኛል ብሎ ልቤ ተገድዶ፣
በአልሙኒየም ሞላሁት። ቀለምም ቀባሁለት።
አንድ ቀን ይመጣል ብዬ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ጠበቅሁት።»

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላሉ፤
እኔ ወርቅ አልጠየቅሁም፤ መዳቡ ይቆጠር፣ ዙሩ ሳይጎድል፣ ሙሉ።

ሦስት ቀን አጠገቡ ዱካ ላይ ተቀምጬ አየሁ፤
ሲጠመጥም፣ ከንፈሩ ሲቆጥር ሰማሁ፤
መቶ አርባ ሁለት... መቶ አርባ ሦስት... ሰው ሰላም ቢለው
አይመልስም፣ ቁጥሩ እንዳይጠፋው።
ለሥራው ሒሳብ አልወሰደም።
ባንዲራውን በምላጭ መፋቅ ጀምሮ ነበር፤
ምላጩ ተሰበረ፤ ግማሹ እንዳለ ቀረ እዚያው፣ እንደ ነበር።

በር ሊያሠራ የመጣ ጎልማሳ፣ ትናንትና፣
ያን ግማሽ ባንዲራ ጎንበስ ብሎ አየና፣
«የየት ሀገር ነው?» አለኝ።
«እዚሁ ማዶ፣ ሠራተኛ ሰፈር።»
«አሃ» አለ፣ «እንግዲያው ስለ ዋጋው ደግመን እንነጋገር።»

መልስ አልሰጠሁትም። ጭምብሌን አወረድሁ፤
ሆዱ እምም ሲል ሰማሁ፤ ዙሩን ቆጠርሁ።